ከነሐሴ እስከ ቁልቢ፣ የቤቴን ኃላፊነት ማካፈል ስለማመድ

ሰላም እህቶቼ እንዴት ናችሁ፣ ነሐሴ ላይ የቤቴን ኃላፊነት ማካፈል ልለማመድ ነው ብያችሁ ከዛ ጠፋሁ፣ አሁን ቁልቢም አለፈ እንግዶቹም ተሸኙ ቁጭ ብዬ የሆነውን ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው፣ የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ ሶስት ልጆች አሉኝ፣ በየአመቱ ለታህሳስ 19 በባቡርም በአውሮፕላንም የሚመጣው ዘመድ እኛ ቤት አርፎ ነው በደንገጎ አድርጎ ቁልቢ የሚወጣው። አምና 14 ሰው አስተናግጄ ራሴ ገብርኤልን ሳልሳለም ቀረሁ፣ ወጥ ሳማስል ነጋ። ያ ነገር አመቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ነበር።

ዘጸአት 18ን ስንቴ አንብቤዋለሁ። የሙሴ አማት ዮቶር የሙሴን ሚስትና ሁለት ልጆቹን ይዞለት ይመጣል፣ በነጋታው ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ሲፈርድ ያይና ይሄ ጥሩ አይደለም ይለዋል። እኔ ሁሌ የሚታየኝ የሙሴ ድካም ነበር፣ ክረምት ላይ ሳነበው ግን ዮቶር አንተም ህዝቡም ትደክማላችሁ ነው ያለው፣ ህዝቡም! ቆሞ ተራ የሚጠብቀውም እየደከመ ነው። አቦ ያኔ ልጆቼ ትዝ አሉኝ፣ እራት ምን እንደሚሰራ እስክነግራቸው ከስራ እስክገባ ቁጭ ብለው የሚጠብቁኝ።

መስከረም ላይ ስራ አከፋፈልኩ። ትልቁ ልጄ (17 አመቱ ነው) ቀፊራ ገበያ፣ ሴቷ ወጥ ቤት፣ ትንሹ ውሃ፣ ማለት ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣ ሰአት በርሜሉንና ጀሪካኑን መሙላት። አባታቸው የእንግዳ መኝታና መኪና ያዘ። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ልጁ ቀፊራ ሆኖ ይደውላል፣ እማ ሽንኩርቱ ጨምሯል ልግዛ ወይ፣ እማ ቲማቲሙ ለስለስ ብሏል፣ አንድ ቅዳሜ ሰባት ጊዜ ደወለ። በሌላ ቀን ሳይደውል ገዝቶ መጣ ግማሹ ሽንኩርት የተበላሸ፣ ተቆጣሁትና በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ ሄድኩ። ከዛ በኋላ ልጁ ዘንቢሉን አልነካም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አለኝ፣ በጣም ነው ያመመኝ።

ተመልሼ ምዕራፉን ሳየው ሁለት ነገር ዘልያለሁ። ዮቶር አለቆች ምረጥ ከማለቱ በፊት ህዝቡን ስርዓቱንና ህጉን አስተምር ይላል፣ እኔ ምን አስተማርኩ? ደግሞ የሺህ የመቶ የሃምሳና የአስር አለቆቹ ትንሹን ነገር ራሳቸው ነው የሚፈርዱት፣ ወደ ሙሴ የሚመጣው ከባዱ ብቻ ነው። እኔ የሰጠሁት ልፋቱን ነው፣ ፍርዱን ይዤው ቀርቻለሁ።

ልጄን ይቅርታ ጠይቄ ጥቅምት ላይ ሁለት ቅዳሜ አብሬው ቀፊራ ሄድኩ፣ ሽንኩርት አንገቱ ጋ ጫን ተብሎ እንደሚታይ፣ ከየትኛዋ ሴትዮ እንደምገዛና ለምን፣ ሁሉንም አሳየሁት። ከዛ የሳምንቱን ብር በእጁ ሰጠሁትና ተስማማን፣ ብሩ ካልበቃ፣ ሰው ከታመመ፣ ወይ ያላሰብነው እንግዳ ሊያድር ከመጣ ይደውላል፣ ሌላው የሱ ነው። ቢሳሳትም የሱ ነው። ህዳር ላይ አንዴ ጎመን ሳይገዛ መጣ፣ ያለ ጎመን በላን፣ ምንም አላልኩም (ምላሴን ነክሼ ነው)።

የሴቷ ግን ሌላ ፈተና ነበር። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ ለእንግዳ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ ነው፣ እሷ ምስሩን እኔ በማልሰራበት አኳኋን ሰራችው፣ አክስቴ ቀምሰው ከእናትሽ በለጥሽ አሏት ሰው ሁሉ ባለበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። በገዛ ልጄ! ማታ ዘኍልቍ 11ን ከፈትኩ፣ ሰባው ሽማግሌዎች ከሙሴ ጋር ሸክሙን እንዲሸከሙ የተመረጡበትን፣ ከተመረጡት ውስጥ በሰፈሩ የቀሩት ኤልዳድና ሞዳድ እዛው ትንቢት ሲናገሩ የሙሴ አገልጋይ ኢያሱ ከልክላቸው ሲል ሙሴ ስለ እኔ ትቀናለህ ወይ፣ ህዝቡ ሁሉ ነቢይ ቢሆን ብሎ የመለሰበትን። እዛው ላይ አለቀስኩ። ጠዋት ልጄን ምስሩን እንዴት እንደሰራሽው አሳዪኝ አልኳት፣ ቲማቲሙን ቀድማ ለብቻው ነው የምታቁላላው።

ታህሳስ 18 ከሰአት ከእንግዶቹ ጋር ቁልቢ ወጣሁ፣ ከሶስት አመት በኋላ። ትልቁ ልጄ እስክመለስ አንዴ ነው የደወለው፣ አያቱ የግፊት መድሃኒታቸውን ረስተው ነው የመጡት፣ ያዘዙበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ፋርማሲ ሊሄድ ነው ግን የገበያው ብር አይበቃም። ከመሳቢያው ውሰድ አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም እኔም አልጠየቅኩትም።

የትንሹ የውሃ ነገር ገና ነው፣ እንቅልፋም ስለሆነ ሌሊት ውሃ ሲመጣ አሁንም የምነሳው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜ ልጅ (9 አመቱ ነው) ያለማመዳችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ።