«ይስቃል»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ፊልሞችን ወደ አማርኛ በሚመልስ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ በተርጓሚነት እሠራ ነበር። ሥራው ንግግር መተርጎም ብቻ አልነበረም። ዓረፍተ ነገሩ ከተዋናዩ ከንፈር ጋር እንዲገጥም ማሳጠርና ማስረዘም፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ማመልከት፣ ሰውየው ሲያለቅስ «ያለቅሳል»፣ ሲስቅ «ይስቃል» ብሎ በቅንፍ መጻፍም የእኔ ድርሻ ነበር። ይህን ገጠመኝ ያስጻፈችኝ ያቺ «ይስቃል» የምትለው ቃል ናት።

አንድ ቀን ስለ ጆከር የተሠራ ዝግጅት መጣልን። ጆከር ባትማን የሚባለው የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ጀግና ባላንጣ ነው፤ ነጭ ፊት፣ አረንጓዴ ጸጉር፣ ቀይ ከንፈር፣ የማይከደን ፈገግታ። ዝግጅቱ ይህን አንድ ክፉ ሰው በየዘመኑ የተጫወቱትን ተዋናዮች እያፈራረቀ ያሳያል። ጊዜው አጭር ስለነበር አምስቱንም ጆከሮች ለአንድ ወጣት የድምፅ ተዋናይ ሰጠነው። ድምፁ ወፍራምና የሚያምር ነው፤ ከት ብሎ ሲስቅ የስቱዲዮው መስታወት የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ገጸ ባሕርይው አንድ ስለሆነ ድምፁም አንድ ቢሆን አይከፋም ብዬ ነበር። ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ «ይስቃል» የሚለው ቃል ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተጽፏል። ይህን የቆጠርኩት ግን በኋላ ነው።

ተቀርጾ፣ ተቀናብሮ ለአሠሪው ተላከ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። አብሮት የመጣው ማስታወሻ አንድ መስመር ነበር፦ «አምስቱም አንድ ሰው ይመስላሉ፤ ተዋናዩ ይቀየር።»

በማግስቱ ጠዋት ተሰበሰብን። ልጁ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ «ሌላ ሰው እንፈልግ» ሲል እኔ ዝም አልኩ። ያንን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልወደውም፤ ምክንያቱም ሌሎቹ የማያውቁትን አውቅ ነበር። በቀረጻው ምሽት ልጁ ከአምስቱ ተዋናዮች የአንዱን፣ የሂዝ ሌጀርን ክፍል ሲሠራ በየንግግሩ መሀል ከንፈሩን የመላስ፣ ምላሱን ከላንቃው የማላቀቅ እርጥብ ድምፅ ያሰማ ነበር። «ይህ የአፍ ድምፅ ነው፤ ከቀረጻው ላይ ይጽዳ» ብዬ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የድምፅ ባለሙያችን እጃቸውን አነሡ። ድምፅ በቴፕ ክር ይቀረጽ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በሙያው የኖሩ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። በቀረጻው ሰሞን ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ሥራውን አልሰሙትም። «ሰው ከመቀየራችን በፊት እስኪ እናዳምጥ» አሉና ስክሪኑን አጠፉት።

መጀመሪያ የእኛን አሰሙን። አምስት ሳቅ፣ አንድ በአንድ። «ይህ የማን ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። የጻፍኩት እኔ እንኳን መለየት አቃተኝ። ልጁም የራሱን ድምፅ መለየት አልቻለም። ከዚያ ምስሉን እንደጠፋ ትተው የእንግሊዝኛውን ቀጠሉ። ጋሼ እንግሊዝኛ እምብዛም አያውቁም፤ ከፊልሞቹም አንዱን አላዩም።

የመጀመሪያው ሴዛር ሮሜሮ ነበር፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1966 እስከ 1968 በቴሌቪዥን የተላለፈው ተከታታይ ድራማ ጆከር። ጋሼ ትንሽ ሰሙና «ይህ ሰውዬ ደስ ብሎታል» አሉ። «ሰርግ ቤት እንደገባ ልጅ ይቦርቃል። ክፋቱ ጨዋታ ነው።» እውነታቸውን ነው። ሮሜሮ ለዚህ ሥራ ሪዙን አልላጭም ብሎ ነጩን ቀለም ከላዩ ላይ ያስቀባ ሰው ነው፤ ካሜራው ሲቀርብ ሪዙ ከቀለሙ ሥር ይታያል። ድራማው ለሳቅና ለጨዋታ የተሠራ ስለሆነ ማንም አልተቆጣውም።

ቀጥሎ የ1989ኙ ጃክ ኒኮልሰን መጣ። የተመረጠው ቦታ ወሮበላው ኬሚካል ውስጥ ከወደቀ በኋላ የፊቱ ፋሻ ተፈትቶ ራሱን በመስታወት የሚያይበት ነው። መስታወቱን ይሰብረዋል፤ ከዚያ ድምፅ ይመጣል። ጋሼ ሁለት ጊዜ አስደጋገሙት። «ይህ ልቅሶ ጀምሮ ነበር» አሉ፤ «መሀል ላይ መንገድ ሳተበት።» ፊልሙን ቢያንስ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም። ዓይኔ በፊቱ ተይዞ ነበር።

ማርክ ሃሚል ከ1992 ጀምሮ በካርቱን ጆከር የሆነው በድምፁ ብቻ ነው። የእሱ ሳቅ እንደ ስሜቱ ይለዋወጣል፤ ጋሼም «ይሄኛው ሳቁን እንደ ክራር ይቃኛል፤ አሁን በትዝታ፣ አሁን በባቲ» ብለው አለፉት።

የሌጀር ተራ ሲደርስ ልጁ ቀና አለ። በ2008ቱ ፊልም ጆከር የማፊያ አለቆች ስብሰባ ላይ ሳይጠራ ይገባል፤ ገና ከመታየቱ በፊት ሳቁ ይሰማል። ቀርፋፋ፣ ደረቅ፣ አንዱ «ሃ» ከሌላው የተነጠለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ አልሳቀም። ሳቅን አነበበው። ሰዎቹን እያላገጠባቸው ነው። የእኛ ልጅ እዚህ ላይ ለምንድን ነው ከት ብሎ የሚስቀው?»

ልጁ መልስ አልሰጠም። መልሱ ያለው እኔ ጽሑፍ ላይ ነው፤ «ይስቃል» ብያለሁ፣ ሳቀ።

ጋሼ ንግግሩን አስቀጠሉት። «ይህ የከንፈር ድምፅስ? አፉ ቆስሏል እንዴ?» ሲሉ ፊቴ ጋለ። አዎ፣ የዚህ ጆከር ጉንጮች ከአፉ ጀምሮ የተሰነጠቁ ናቸው፤ ጠባሳው ሁልጊዜ እርጥብ እንደሆነ ሁሉ ከንፈሩን ይልሳል። ጠባሳው ከየት እንደመጣ በፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ አንዴ አባቴ ነው ይላል፣ ሌላ ጊዜ ለሚስቴ ብዬ ነው ይላል። ታሪኩ ይለዋወጣል፤ የከንፈሩ ድምፅ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ሰው እርግጠኛ ሆነን የምናውቀው ያንን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ እንደ ቆሻሻ አስጠርጌዋለሁ።

ያኔ ተናገርኩ። ልጁ ድምፁን በትክክል ሠርቶት እንደነበር፣ ያስወጣሁት እኔ መሆኔን፣ ሳቁም የጽሑፌ ጥፋት መሆኑን። ወደ እሱ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። «እህቴ፣ እኔም ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና አንድ ሌሊት ሰጠን።

የመጨረሻውን፣ የዋኪን ፊኒክስን የ2019 ጆከር፣ ያዳመጥነው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ፊልም ጆከር፣ አርተር ፍሌክ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቱ የተቀመጠውን ሕፃን ሊያጫውት ሲሞክር እናትየው ትቆጣዋለች፤ ሳቅ ይጀምረዋል። ሳቁ ሕመም ነው። ይህንኑ የሚያስረዳ ካርድ አውጥቶ ይሰጣታል። ድምፁ ይታነቃል፣ ይቆረጣል፣ መልሶ ይነሣል። ጋሼ ይህን ሰምተው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። «ጥርስ ባዳ ነው፤ እናቴ እንዲህ ትል ነበር» አሉ በመጨረሻ። ልብ ሲያዝን ጥርስ አያውቅለትም እንደማለት ነው።

ቤት ገብቼ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ያዝኩት። ጆከር ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1940 ነው። ፊቱ ሲፈጠር አርአያ ከሆኑት ምስሎች አንዱ በ1928 ፊልም ላይ ኮንራድ ቫይት የተጫወተው ሰው ነው፤ በልጅነቱ ፊቱን ቆርጠው ፈገግታ የተከሉበት ሰው። ተዋናዮቹ የማይናገሩበት ፊልም ስለሆነ ያ ፊት ድምፅ የለውም። መጽሔቱ ላይም ሳቁ የተጻፈ ፊደል ነው፤ ሃ፣ ሃ፣ ሃ። እያንዳንዱ ተዋናይ ከዚያ ፊደል ፊት ቆሞ «ይህ ሰው የሚስቀው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ መልሳቸውም ተለያየ። ሌጀር በጥር 2008 በ28 ዓመቱ አረፈ፤ ፊልሙ የወጣው በሐምሌ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት የተሸለመውን ኦስካር ቤተሰቦቹ ተቀበሉለት። ፊኒክስ በ2020 በዚሁ ገጸ ባሕርይ ኦስካር ወሰደ። የሁለቱ ሳቅ ግን በምንም አይገናኝም። «ማን ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ሲነሣ ከዚያ ወዲህ አልገባበትም፤ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸውና።

የሚያናድደኝ ደግሞ አማርኛ ለሳቅ ቃል አያጣም። ይንከተከታል፣ ያሽካካል፣ ይገለፍጣል፣ ያገጥጣል፣ በሳቅ ይፈርሳል፣ በሳቅ ይንፈራፈራል። አንዱም ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ይህ ሁሉ ተቀምጦልኝ ሠላሳ ስምንት ጊዜ በአንድ ቃል አለፍኩ። ያን ምሽት አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ለሮሜሮ «ይፈነድቃል»፣ ለኒኮልሰን «ልቅሶ ይጀምራል፤ ሳይጨርሰው ሳቅ ይሆናል»፣ ለሌጀር «አይስቅም፤ ሃ ሃ ይላል፤ ከንፈሩን ይልሳል»። ለፊኒክስ ረጅም ሆነብኝ፦ «ሳቁን ሊውጠው ይሞክራል፤ ያንቀዋል፤ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ያያታል።»

በማግስቱ ምሽት ልጁ ወረቀቱን ሲቀበል ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከኪሱ እርሳስ አወጣና ከሌጀር መስመሮች አጠገብ የራሱን ምልክት አደረገ፤ ከንፈር የሚላስበትን ቦታ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። የአውቶቡሱን ክፍል ለመጨረሻ አቆየነው። መብራቱ እንዲጠፋለት ጠየቀ። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ፣ እጁን አንገቱ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ሳቅ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም። ከዚያ ከፍ አለ፣ ታነቀ፣ በመሀል እውነተኛ ሳል መጣበት። እኔ እንዲቆም እጄን ላነሣ ስል ጋሼ ሳይዞሩ ክንዴን ያዙኝ። ቀረጻው ቀጠለ። ሳሉ አለፈ፣ ሳቁ ተመለሰ፣ ቀስ እያለ ወደ ትንፋሽ ወረደ፣ ጠፋ።

ጋሼ ጥቂት ጠብቀው ቁልፉን ተጫኑ። «ውኃ ስጡት» አሉ።