አስታማሚው የታለ?

ዛሬም ሙቀቱ እንቅልፍ ስለ ነሣኝ አልጋዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ነው የምጽፈው። የተነሣሁት ትናንት ማታ ግፊቷ ሽቅብ ወጥቶ ስላስደነገጠችን ስለ እትዬ ልጽፍ ነበር። እርሷ ደኅና ናት፤ ገና ከሆስፒታል ከመመለሷ ወጥ ጨው አነሰው ብላ መጨቃጨቅ ጀምራለች። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ በድንገተኛ ክፍሉ በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ የነበረው ልጅ ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ዕቃ የሚሸከምልኝ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት ቀና ሲል ነው። ሚስማር የወጋው እግሩ ከማበጡ የተነሣ፣ ቁስሉን ያሰረበት የማዳበሪያ ጆንያ ክር ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። አራት ቀኑ ነው። ቀን ጤና ጣቢያ ለምን እንዳልሄደ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ቀን የየት ቀበሌ ነህ ይሉኛል፤ ማታ ግን እያነከስኩ ካዩኝ ያስገቡኛል» አለኝ።

ነገሩን ከእኔ ይልቅ እርሱ አጥንቶታል። የነጻ ሕክምና ወረቀት የሚሰጠው ቀበሌ ነው፤ ቀበሌ ደግሞ የሚያውቀው ነዋሪውን ነው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አባወራንና እማወራን ከነቤተሰባቸው የሚመዘግብ ስለሆነ፣ ከቤቱ ኮብልሎ የመጣ ልጅ ከየትኛው ቤት ይቆጠራል? በ2014 ዓ.ም. ከየበርሜሉና ከየሮቶው የምትፈለፈለው ትንኝ ከተማችንን በወባ ስታምስ እንኳ፣ እኛ አጎበር ስንዘረጋ እንደርሱ ያሉ የጎዳና ልጆች የሚሰቅሉበት ጣሪያ አልነበራቸውም። ሕመሙ ትንሽ ሳለ በሩ ሁሉ ተዘግቶባቸው፣ ሲብስባቸው በተከፈተው በአንዱ ሲመጡ፣ «እነዚህ ልጆች ድንገተኛ ክፍሉን አጣበቡት» ይባላል። (አምና ወረፋ አንገሽግሾኝ ይህን ያልሁት እኔው ነኝ።)

ያም በር ቢሆን ሰው ይፈልጋል። ነርሷ ቁስሉን አይታ፣ ሕመምተኛ እንደ ሕመሙ ክብደት በቀለም ሲለይ ቢጫው ዘንድ ካስቀመጠችው በኋላ የጠየቀችው፣ «አስታማሚው የታለ?» ብላ ነው። መድኃኒት የሚገዛው፣ የደም ናሙና ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ጓንት አለቀ ሲባል ውጪ የሚሮጠው አስታማሚ ነውና። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያውን ጨምሮ የታዘዘውን ገዝቼ ተመለስሁ። እስከዚህ ድረስ ራሴን ወድጄው ነበር።

ከዚያ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ብዕሯን ይዛ «ምኑ ነዎት?» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንኩርቴን እስከ ባጃጅ ተሸክሞልኛል፤ ስሙን ጠይቄው አላውቅም። «ጎረቤት» ብዬ አስጻፍሁ። ስልክም ሰጠሁ፤ ቤት ደርሼ ሳስበው ግን የሰጠሁት ከሁለት ዓመት በፊት የጣልሁትን ሲም ቁጥር ነው። ከድካም ይሆን? ቁስሉ በየቀኑ መታጠብ እንዳለበት፣ የሚያመላልሰው ሰውም እንደሚያስፈልግ ሲነገረኝ ሰምቻለሁ።

ዛሬ ሽንኩርት አልቆብን ነበር። የገዛሁት ከሰፈር ሱቅ ነው፣ በኪሎ አሥር ብር ጨምሬ።