ወፎችን ወደ ግቢዬ ያመጣቸው ውሃ ነው፤ ስለ ውሃው ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም

ጎንደር ውስጥ ግቢውን የወፍ ማረፊያ ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እህል መበተን ነው። እህል ድንቢጥና ዋኔ ያመጣል፤ አይጥም ያመጣል። እኔ የምወዳቸው ወፎች ግን ጥሬ አይለቅሙም። አንዷ ነጭ ቅንድብና ብርቱካናማ ደረት ያላት፣ ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል የምትዘምረው ናት። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጎንደር በቆየው በጀርመናዊው አጥኚ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ትጠራለች። ሌላው በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራው የአበባ ማር መጣጭ ነው፤ ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፣ ፀሐይ ስታርፍበት ግን ሐምራዊ ያብለጨልጫል። እነዚህን የሚስባቸው አበባ፣ ፍሬና ትል ነው። ዝናብ ካቆመበት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ንጹሕ ውሃ ነው።

ተክሉን ባጭሩ ልጨርሰው። ለማር መጣጮቹ እሬትና ራስ ክምር ይተከል። ኮርች ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይይዛል፤ ቀይ አበባው ሲወጣ ወፍ አይጠፋበትም። ጌሾ ለጠላ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው ሲጠቁር አናቷ የጠቆረው ቡልቡል ትለቅመዋለች። ለአጥር አጋምና ቀጋ የመሰለ የለም። የችግኝ ጣቢያ ሰዎች አጥሩን በየጊዜው ከርክሙት ይላሉ፤ አትስሟቸው። ሁልጊዜ የሚከረከም አጋም አበባም ፍሬም አይኖረውም። በዓመት አንዴ፣ ጎጆ አለመኖሩ ታይቶ መቆረጡ ይበቃዋል። ሣሩ ላይ ፀረ ተባይ ካልተረጨ ጋጋኖ ራሱ መጥቶ በረጅሙ ምንቃሩ ትል ይቆፍራል። ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የሌለ ወፍ ስለሆነ፣ በጠዋት ጩኸቱ አትማረሩበት።

እህል ካላችሁም ዳጉሳና ኑግ ይሻላል። ጠዋት አንድ የቡና ስኒ፣ እስከ እኩለ ቀን የሚያልቅ ብቻ። የሻገተ እንጀራ በፍጹም አይሰጥ። እህሉ ከውሃው ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ ገለባውና ኩሱ ውሃው ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ውሃው። ሳፋ አይሆንም፤ ጥልቅ ነው፣ ግድግዳውም ያንሸራትታል፣ ትንሽ ወፍ ከገባች መውጫ የላትም። እኔ የምጠቀመው የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ነው። ስፋቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ልኩ ነው፤ ፊቱ ግን በጎመንዘር ታሽቶ የለሰለሰ ስለሆነ እግር አይይዝም። ስለዚህ ተገልብጦ ሸካራው ጀርባው ወደ ላይ ይሁንና በዙሪያው ክብ ጠርዝ ይሠራለት። ልሰናው አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ነው፤ ስንጥቁም በዚያው ይደፈናል። ልሰናው ከዳር ወደ መሃል እያዘቀዘቀ ይውረድ፤ ውሃው ዳር ላይ 2፣ መሃል ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫፍ ይጫር፣ ሸካራ ይሁን።

ሲሚንቶው እየረጠበ አንድ ሳምንት ይቆይ። ከዚያም ውሃ እየሞላችሁ በየቀኑ ለጥቂት ቀናት ድፉት፤ አዲስ ሲሚንቶ የሚለቀው ኖራ ውሃውን የሚያቃጥል ያደርገዋል። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ውሃው አሁንም በጣት መካከል እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ከሆነ ገና ነው።

ምጣዱ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ከቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ድመት የምታደባው ከዚያ ነውና። ራሱን ያረጠበ ወፍ ላባው ስለሚከብደው ፈጥኖ አይነሳም፤ ስለዚህ በሁለት ክንፍ ምት የሚደርስበት እሾሃማ ቅርንጫፍም ያስፈልገዋል።

እስካሁን የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወባን ለመከላከል ግቢ ለግቢ ሲዞር የነበረ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ ሰው፣ የቆመ ውሃ ሁሉ ይወገድ አለ። ልክ ነው፤ አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ገንቦ፣ የተረሳ ባልዲ መደፋት አለበት። የወባ ትንኝ ፀሐይ የሚያርፍበት ጥልቀት የሌለው ንጹሕ ውሃ ትወዳለችና ምጣዱን መጠርጠሩም አያስወቅስም። ግን ምጣዱን «ድፉት» አላለም፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አፈሰሰበት። ሳይጠይቅ፣ ማን እንደሚጠጣው ሳያስብ!

ዘይት የትንኝ እጭን የሚገድለው ውሃው ላይ ተንጣሎ መተንፈሻዋን ስለሚዘጋ ነው። ወፍ ላይ የሚያደርገው ደግሞ ይህ ነው። የላባ ቃጫዎች በጥቃቅን መንጠቆዎች ተያይዘው ከሥራቸው አየር ይይዛሉ፤ ያ አየር ነው ወፍን የሚያሞቃት። ዘይት ሲነካቸው መንጠቆዎቹ ይላቀቃሉ፣ ቃጫዎቹ እየተጣበቁ ውሃ ያስገባሉ፣ ሙቀት ያመልጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ የታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቁታላችሁ። ወፏ ላባዋን ላጽዳ ስትልም ዘይቱን በምንቃሯ ትውጠዋለች።

ዘይት የነካው ምጣድ አይመለስም። በሙቅ ውሃና በኦሞ ቢፈተግ ላዩ የጸዳ ይመስላል፤ ሸክላውና ሲሚንቶው ግን ጠጥተውታል። መፈተኛው ቀላል ነው። ውሃ ሞልታችሁ አንድ ሌሊት ፀሐይ እስክትወጣ ተዉት፣ ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ በጎን ተመልከቱት። የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ከታየ ምጣዱን ጣሉና ሌላ ሥሩ። «ይጸዳል» የሚላችሁን አትስሙ።

መከላከያው ክርክር ሳይሆን ልማድ ነው። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር፣ በሞቃት ወቅት እንኳ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይረዝማል። ውሃው በየጠዋቱ ከተደፋ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን፣ ምንም ትንኝ ከዚያ አይወጣም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቀድማችሁ ውጡና፣ «ወንድሜ፣ ይህ በየጠዋቱ ይደፋል፤ ይኸው» ብላችሁ ፊቱ አፍስሱት። ደረቅ ምጣድ ላይ ማንም ዘይት አያፈስም። እናንተ በማትኖሩበት ሰዓትም ይህንኑ የሚያደርግ የቤት ሰው ይኑር። መመሪያ የሚያወጡት ሰዎችም «የማይለወጥ ውሃ» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

«ለሰው ያልበቃ ውሃ ለወፍ?» የሚል አይጠፋም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሂሳቡ ይህ ነው፦ እንዲህ የተሠራ ምጣድ የሚይዘው ከ4 እስከ 5 ሊትር ስለሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢያንስ አራት ቀን ይሄዳል። የሚደፋው ውሃ ጌሾው ሥር ይገባል እንጂ አይባክንም። ጎመን የታጠበበት የመጨረሻው እጣቢ፣ ሳሙናና ጨው ካልነካው፣ ለወፍ ይሆናል።

ማጽዳቱ በጠንካራ ብሩሽ ነው፣ ያለ ሳሙና። በሳምንት አንዴ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ቶሎ ቶሎ የሚይዘው ከሆነ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ አዛውሩት። ላባዋን ነፍታ አንድ ቦታ ፈዝዛ የምትቀመጥ ዋኔ ካያችሁ ውሃውንም እህሉንም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አቁሙ፤ በሽታው በምራቅ ከወፍ ወደ ወፍ የሚሄደው አንድ ዕቃ ላይ ሲሰበሰቡ ነው።

በጥምቀት ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ምጣዱ ይረሳል፤ የሚያድስ ሰው ከሌለ ገልብጣችሁት ሂዱ። ትልቅ መስታወት ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ምጣዱ ወይ ከመስኮቱ በአንድ ሜትር ውስጥ ይሁን፣ ወይ ከአሥር ሜትር ይራቅ። በመካከል ያለው ርቀት ደንግጣ የተነሳች ወፍ ሙሉ ፍጥነቷን ይዛ መስታወቱን የምትመታበት ነው። ቦታ ማዛወር የማይቻል ከሆነ መጋረጃውን በውጭ በኩል ስቀሉት፤ ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ሰማዩ መስታወቱ ላይ እንዳይታይ አያደርግም።