«ከየት አመጣኸው?»

አምና ተማሪዎቼ ስለ ጣና እምቦጭ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተው እንዲያመጡ አዘዝኩ። የስድስቱን ሳርም አንድ አንቀጽ እየተደጋገመ መጣ፤ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አልተለወጠም። ተቆጥቼ ለስድስቱም ዜሮ ሰጠኋቸው። በማግስቱ አንዷ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ምንጩን ከታች ጽፌዋለሁ እኮ» አለችኝ። ገልጬ ሳየው እውነትም ጽፋዋለች። ምንጭ ከጠቀሱ በኋላ እንዳለ መገልበጥ የሚቻል መስሏታል። አለመሆኑን ደግሞ ያስተማራት የለም፤ እኔም አላስተማርኳትም። ዜሮውን ሰርዤ ከሥር ጀመርኩ።

በጣም የጠቀመኝ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ መማሪያ ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው፤ አንድን አንቀጽ አስቀምጦ በራስ ቃል የተጻፈውንና የተኮረጀውን ጎን ለጎን ያሳያል። እንግሊዝኛው ለልጆቹ ስለከበዳቸው አሠራሩን ብቻ ወስጄ፣ ስለ ጣና በአማርኛ የራሴን አንቀጽ አዘጋጀሁ። አሠራሩን ከየት እንዳገኘሁት ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ፤ እኔ ሳልጠቅስ እነሱን መጠየቅ አልችልም።

መፍትሔው ግን ከልጆቹ መጣ። ቅኔ ቤት የቆየ አንድ ተማሪ አለኝ። «እኛ ዘንድ ቅኔውን ቆጥረን፣ ማለትም ራሳችን ደርሰን፣ ለየኔታ በቃል እንነግራለን፤ የሰው ከሆነ ወዲያው ያውቁብናል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንብበው ስልኩን ይዘጋሉ፣ ለጎረቤታቸው በቃል ይነግራሉ፣ ከዚያ ይጽፋሉ። በቃል መንገር ያቃተው እንደገና ያነባል። ከየትኛውም ኩረጃ ፈላጊ ሶፍትዌር ይልቅ የሠራልኝ ይህ ነው።

ዞተሮ የሚባለው ነፃ የምንጭ መመዝገቢያ ላፕቶፕ ላላቸው ጥሩ ነው፤ ለሌሎቹ ማን፣ መቼ፣ የት ብለን ደብተር ላይ አሰመርን።

የቀረው መረጃውን ማጣራት ነበር። አንዱ ልጅ እምቦጩ ስንት ሄክታር እንደሸፈነ የሚናገር ቁጥር ከፌስቡክ አመጣ። የምርምር ጽሑፎችን በሚፈልገው ጎግል ስኮላርና የአፍሪካ ጆርናሎችን በሚያሰባስበው ኤጆል ላይ ስንፈልግ ቁጥሮቹ ተለያዩ። ልጆቹ «የትኛው ነው ውሸቱ?» አሉ። አረሙ ከክረምት በኋላ ይስፋፋል፣ በበጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የተለካበት ወር ያልተጻፈበት ቁጥር ብዙም አይነግረንም። ያቺ ምንጩን ከታች ጽፋ የነበረችው ልጅ አሁን የጓደኞቿን ጽሑፍ ስታርም ዳር ላይ፣ «የመስከረም ነው የግንቦት?» ብላ ትጽፋለች።