ከመቆፈራችሁ በፊት ታች ያለውን ጎረቤት ጠይቁ

ደሴ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ከበላዩ ማን እንዳለና ከበታቹ ማን እንዳለ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋቱን ይዛ የተዘረጋች ናት። ብዙ ቦታ ላይ አፈሩ ከተራራው ወርዶ የተከማቸ ሸክላና ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ሲጠግብ ይሄዳል። «ሰፈራችን ተበላሸ» የሚለው ነባርም፣ «ሰፈሩ ገና አሁን ሰው ሆነ» የሚለው አዲስ ገቢም አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት በዚሁ ውሃ ነው።

አዲስ ገቢ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ጦርነት ተፈናቅሎ መጥቶ የቀረ አለ፤ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለመንግሥት ሥራ የመጣ ተከራይ አለ፤ ከገጠር ገብቶ ሱቅ የከፈተ አለ፤ ዓረብ አገር ያለች ልጁ በላከችው ብር የሚያስገነባም አለ። ነባሩ ሁሉንም «መጤ» ብሎ ሲጠቀልል ይሳሳታል። ተከራይ ዳገቱን ደግፎ ስለሚይዘው ግንብ የሚወስነው ነገር የለም። አስቸጋሪው ባለቤቱ በሌለበት በስልክ የሚሠራው ቤት ነው፤ ዳገቱ ተቆርጦ ሰኔ ሲደርስ አቤት የሚባልበት ሰው ግቢው ውስጥ አይገኝም።

ያዘመመ የጭቃ ቤት ለአዲስ ገቢው የሚፈርስ አሮጌ ነገር ነው። ነባሩ ግን ወደየት እንዳዘመመ ያያል። የባሕር ዛፍ ማገርና ጭድ የተቦካበት ጭቃ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሄዳል፤ ሲሰነጠቅ ተመርጎ ይኖራል። ብሎኬት እንዲህ አይታገስም። ስለዚህ ከማፍረሳችሁ በፊት ያዘመመበትን አቅጣጫ፣ የአጥሩን መጉበጥ፣ የባሕር ዛፉን ግንድ ዝንባሌ ልብ በሉ። የቆመ ቤት ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ካለ ጄሶ በውሃ ለውሳችሁ ስንጥቁን አቋርጦ የመዳፍ ያህል ለጥፉበት፤ ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። በሰኔ የተለጠፈ ጄሶ እስከ መስከረም ሳይሰነጠቅ ከከረመ ስንጥቁ የቆየ ነው ማለት ይቻላል። ጄሶውም ከተሰነጠቀ መሬቱ እየሄደ ነውና ያለ መሐንዲስ ምንም አትጨምሩበት።

ቁፋሮው በጥቅምት ተጀምሮ ግንቡ በጥር ማለቅ አለበት። በልጉ በየካቲት ሊገባ ስለሚችል «ከፋሲካ በኋላ እንጨርሰዋለን» ማለት አደገኛ ነው። የዳገቱን እግር ከዳር እስከ ዳር ባንዴ አትቁረጡት፤ ሁለት ሁለት ሜትር እየቆፈራችሁ፣ ያንን እየገነባችሁ እለፉ። የድንጋይ ግንብ ከሆነ የእግሩ ስፋት ቢያንስ የቁመቱን ግማሽ ይሁን፤ ማለትም ለ2 ሜትር ግንብ 1 ሜትር። ከ2 ሜትር በላይ የሚቆም ግንብ መሐንዲስ ሳያሰላው አይሠራም። ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይሞላ፤ የተቆፈረውን ሸክላ መልሶ መሙላት ግንቡን ከጀርባ የሚገፋ ነገር ማስቀመጥ ነው። ግንቡን አልፎ ውሃ የሚያወጣ ባለ 2 ኢንች የፒቪሲ ቱቦ በየ1 ሜትር ተኩል ርቀት፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይግባ። በብዛት የሚታየው ጥፋት ቱቦው ገብቶ ጠጠሩ መቅረቱ ነው። ያኔ ጭቃው በመጀመሪያው ክረምት አፉን ይደፍነዋል። ሐምሌ ላይ ዳገቱ እየነጠበ ቱቦው ደረቅ ከሆነ ግንቡ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው።

ታች ያለው ጎረቤት የሚጠይቀው ከዚህ ቀጥሎ ነው፦ የወጣው ውሃ የት ይሂድ? 120 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 3,600 ሊትር ይሆናል፤ 18 በርሜል። ድሮ ከጠባቡ ጣሪያ የወረደውን የጓሮው ጎመንና ጌሾ ይመጠው ነበር። አሁን ግቢው ሙሉ ሲሚንቶ ስለሚለብስ ሁሉም ባንዴ ይወርዳል። መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ ነው። በውሃ የማይሠራው ደረቅ ጉድጓድ ወደ አፈሩ የሚያስገባው ውሃ ትንሽ ነው። በውሃ በሚሠራው ግን ስምንት ክፍል ተከራይቶ በየክፍሉ ሦስት ሰው ቢኖር፣ እያንዳንዱ በቀን 40 ሊትር ቢያፈስ፣ 960 ሊትር በየቀኑ ዳገቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ በጋም ቢሆን። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ በተገነባ ቦይ እስከ መንገዱ ቦይ ይድረስ፤ የፍሳሽ ጉድጓዱም ከግንቡ ጀርባ አይቆፈር።

ነባሩም ንጹሕ አይደለም። ቦዩ ላይ አጥሩን ያስጠጋ፣ ማድቤት የሠራበት፣ አመድና ቆሻሻ የሚደፋበት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መንገዱን ያጠበበውም እንዲሁ። ነባሩ መንገድን የሚለካው በቃሬዛ ነው፤ አስከሬን ተሸካሚዎቹ ግራና ቀኝ ሆነው ማለፍ አለባቸው። አዲስ ገቢው በባጃጅ ይለካል፤ የባጃጅ ስፋት 1 ሜትር ከ30 ነው። የሚጣሉት ለአንዲቷ ሜትር ተኩል ነው፤ እሷ ከጠፋች ለሁለቱም መንገድ የለም።

ይህን ሁሉ መነጋገሪያው ቦታ ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር ነው። ለአዲስ ገቢ መግቢያው የሚከብደው ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ነባሮቹ ለዓመታት ባዋጡት ስለተገዛ ድርሻ ስለሚጠየቅ ነው። ድርሻውን ከፋፍላችሁ ለመክፈል የቅሬውን ዳኛ (መሪውን) ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ቅሬዎችም «ነገ ይሄዳል» ብለው ተከራይን ባይመልሱ መልካም ነው፤ ቦዩን ለመጥረግ የሚወጣው ጉልበት የእሱም ነውና።

ቦይ የሚጠረገው ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ከታች ወደ ላይ። ከላይ ከተጀመረ የተለቀቀው ደለል ታች ያለውን ይደፍነዋል። የወጣውን ጭቃ ቦዩ ከንፈር ላይ አትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታችሁ በዚያው ቀን አንሱት።