በአለት ላይ የተሰረሰረ ቀዳዳ የወርቅ ምልክት ነው? እኔ የማነብበት መንገድ

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ በእግሩ የሚዞር ሰው፣ በግራናይት አለት ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ማየቱ አይቀርም። ወዲያው «ስፔኖች ወርቅ ቀብረው ያደረጉት ምልክት ነው» ይባላል፤ ቀዳዳው ወደሚጠቁመው አቅጣጫ ተሂዶም መቆፈር ይጀመራል። እኔ የምነሳው ከሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህን ለመሰርሰር የደከመው ሰው ከአለቱ ምን ፈልጎ ነበር? ግራናይት በእጅ መብሳት ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነውና ያለ ጉዳይ የሚነካው የለም። መልሱ የሚገኘው ከቀዳዳው ስፋት፣ ጥልቀትና ዘንበል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዙሪያው ነው።

አስቀድሜ የማየው አደጋውን ነው። በአሮጌ ማዕድን ማውጫ አካባቢ ያለ ቀዳዳ ሳይፈነዳ የቀረ ድማሚት ይዞ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ድማሚት ናይትሮግሊሰሪን ያልበዋል፤ በብረት መጎርጎር ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። በእጅ ባትሪ ሳበራ ወረቀት፣ ገመድ፣ ሽቦ ወይም የተጠቀጠቀ ጭቃ ካየሁ ምንም አላስገባም። ርቄ ለካውንቲው ሸሪፍ (ለአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ) እደውላለሁ። ክፍት ዋሻ ውስጥ ያለውን ደግሞ ጨርሶ አልለካም።

ባዶነቱ ከውጭ በግልጽ ለሚታይ ቀዳዳ የምይዘው ካሊፐር (የስፋት መለኪያ)፣ ሜትር፣ ኮምፓስና ቀጭን የእንጨት ዘንግ ነው። መጀመሪያ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ፣ ብርሃኑ አግድም ሲወድቅ፣ በቀትር የማይታይ የመሮ ጭረት ጎልቶ ይወጣል። የአፉን ስፋት በሦስት አቅጣጫ እለካለሁ። ሦስቱ ልኬቶች የማይመሳሰሉ ከሆነ የእጅ ሥራ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብቻውን የሚሰረስር ሰው ከ1.4 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው መሰርሰሪያ ብረቱን እየያዘ ይመታል። ሁለት ከሆኑ አንዱ ብረቱን ይይዛል፣ ሌላው 3.6 ኪሎ ገደማ በሚመዝን መዶሻ ይመታል። የብረቱ ጫፍ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ስለሆነ በየምቱ ትንሽ ይዞራል። አዟዟሩ እኩል ካልሆነ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣና ጥጎቹ የተድበለበሉ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። በሚኒሶታ እንዲህ ያሉት ባለሦስት ማዕዘን ቀዳዳዎች ቫይኪንጎች መርከብ ያሰሩባቸው ናቸው ተብሎ ብዙ ተነግሯል፤ ቅርጹ ግን ድንጋይ ለመፈንቀል በእጅ የተሰረሰሩ ብዙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀዳዳዎች የሚያሳዩት ነው። ሌላው ምልክት መጥበቡ ነው። የደነዘ ብረት ሲቀየር የሚተካው ረዘም፣ ጫፉም ጠበብ ያለ ስለሆነ፣ አፉ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ከምናምን የነበረው ቀዳዳ መጨረሻው ላይ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በአየር ግፊት መሰርሰሪያ የተበሱት ይበልጥ ክብ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም በትይዩ ተደርድረው ይገኛሉ።

የብዙ ሰው ድካም ገደል የሚገባው ዘንበሉን ሲተረጉም ነው። ቀዳዳ የሚያዘነብለው ቀስት ለመሆን ሳይሆን፣ ባሩዱ አለቱን ክፍት ወደሆነው ጎን እንዲገፋው ነው። ስለዚህ አጠገቡ ያለውን ገደላማ ፊት፣ ስንጥቅ ወይም መንገድ እፈልጋለሁ። ከፍንዳታ በኋላ በአለቱ ፊት ላይ በቁመቱ የተሰነጠቀ ግማሽ ቱቦ ይቀራል፤ አንድ እንዲህ ያለ ግማሽ ቱቦና ከሥሩ ሹል ጠርዝ ያለው ፍርስራሽ ካገኘሁ ጉዳዩ ተዘጋ። የቀዳዳው መስመር ወደ ውጭ ሲቀጥል የሚያመለክተው ሠራተኛው የቆመበትን ቦታ ነው።

አቅጣጫውን ለመዝገብ ስለካ ቀዳዳው ውስጥ የማስገባው ዘንግ እንጨት የሆነበት ምክንያት ብረት የኮምፓስ መርፌን ስለሚስብ ነው። በኮሎራዶ ኮምፓስ ከእውነተኛው ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ይህን ያላረመ ሰው በ100 ሜትር ርቀት ላይ 14 ሜትር ይስታል፤ ታዲያ ከእንዲህ ዓይነት መስመር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ምን ሊያረጋግጥ ይችላል?

በየ10 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር በቀጥታ መስመር የተሰለፉና ጥልቀት የሌላቸው ቀዳዳዎች የሽብልቅ ናቸው፤ በሁለት የብረት ጉንጮች መካከል ሽብልቅ እየተመታ ድንጋዩ ይሰነጠቃል። በአክሱም አጠገብ ባለው የጎቤድራ የድንጋይ ማውጫ ተራ በተራ የተቦረቦሩትን አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ያየ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል። እዚያ ሐውልት ለመፈልፈል፣ እዚህ የቤት መሠረት ለመሥራት።

በአንድ ትልቅ ድንጋይ አናት ላይ ብዙ ቀጥ ያሉ ቀዳዳዎች ተጨናንቀው፣ ድንጋዩም ሳይሰነጠቅ ከተገኘስ? በማዕድን ከተሞች በ15 ደቂቃ ማን ጠልቆ ይበሳል የሚል ውድድር በበዓላት ቀን ይካሄድ ነበር፤ ሌድቪል ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። የተወዳደሩበትና የተለማመዱበት ድንጋይ መልኩ ይህ ነው። በዝገት የቀላ፣ የእርሳስ ብረት ወይም ዲን የቀረበት ቀዳዳ ደግሞ ችንካር የተተከለበት ነው። ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች አንድ ጠፍጣፋ ቦታ ከከበቡ የማንሻ ምሰሶ ወጣሪ ገመዶች መያዣ መሆናቸውን እገምታለሁ።

ግድግዳው ልስልስ፣ ፍጹም ክብ፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሆነ የጂኦሎጂስት ነው። የድንጋይን ጥንታዊ መግነጢሳዊነት ለማጥናት በአልማዝ ጫፍ መሰርሰሪያ ናሙና ሲወሰድ በአንድ ቦታ በርከት ያሉ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳዎች ይቀራሉ። «የጠፋ ጥበብ» የሚባልላቸው ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፤ የሚያሳዝነውም ከሁሉ አዲሶቹ መሆናቸው ነው።

ከመስቀል ጭረት ወይም ከቁጥር ጋር የሚገኝ ቀዳዳ የቅየሳ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወደ መዝገብ እሄዳለሁ። በእ.ኤ.አ. 1872ቱ የፌዴራል የማዕድን ሕግ አንድ የወርቅ ሥር ይዞታ ቢበዛ 1500 በ600 ጫማ ነው፤ ማዕዘኖቹም አለት ላይ በቁጥር ይቀረጹ ነበር። የድሮ የቅየሳ ካርታዎችን የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በነፃ ያሳያል። ካርታው ላይ ያለው ማዕዘን ከቀዳዳው ቦታ ጋር ከገጠመ ሌላ ትርጉም አልፈልግም።

ሜታል ዲቴክተር እዚህ ዳኛ አይሆንም። ሰው በመዶሻ የሠራበት ቦታ ሁሉ የብረት ፍንካች፣ ምስማርና የድማሚት ማቀጣጠያ ቆርቆሮ ስለሚቀርበት መሣሪያው ይጮኻል፤ ጩኸቱ ሥራ እንደነበረ እንጂ ወርቅ እንዳለ አይናገርም።

ሁሉም ተሞክሮ የማይገጥም ሲቀር ልኬቱን፣ ፎቶውንና ቦታውን መዝግቤ «ሥራው ያልታወቀ» ብዬ እተወዋለሁ። በብሔራዊ ደን ውስጥ የተቀበረ ሀብት ለመፈለግ ፈቃድ ያስፈልጋል። በፌዴራል መሬት ላይ ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1979ኙ የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ያስከስሳል፤ የቅየሳ ምልክት መንቀልም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።