ልጁ ምንድነው የሚውጠው?

ነርስ ነኝ፣ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ከአንገት በላይ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ልጆች ብዙ ጊዜ እኔ በምሠራበት ዋርድ ያልፋሉ። ከሁሉም የሚበዙት አዴኖይድ የሚወጣላቸው ናቸው። ወላጆች «የአፍንጫ ሥጋ» ይሉታል። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከላንቃ በላይ ያለ ሥጋ ነው፣ ልጁ አፉን ቢከፍትም በዓይን አይታይም። ትንንሽ ልጆች ላይ ያድግና ወደ ጉርምስና ሲጠጉ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሟሽሻል። እስከዚያው ግን መተንፈሻ የሚዘጋባቸው ልጆች አሉ።

ባለፈው ክረምት የመጣው ማሙሽ ከእነሱ አንዱ ነበር። አምስት ዓመቱ ነው። ሌሊት ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ይልና ደንግጦ ይባንናል፣ ቀን ደግሞ አፉን ከፍቶ ነው የሚውለው። ቴሌቪዥኑ ሥር ተለጥፎም ድምፅ ጨምሩልኝ ይላል። መዋዕለ ሕፃናት «ሲጠሩት አይሰማም፣ እልኸኛ ነው» ብለውት ነበር። ሲመረመር ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። አዴኖይዱ ትልቅ ሲሆን ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ቱቦ ያውካል፣ ጆሮው አየር አያገኝም። ልጁ እልኸኛ ሳይሆን በደንብ የማይሰማ ልጅ ነበር። ይሄ እንዴት እንደሚያሳዝነኝ!

አባት፣ እናትና አያት ሆነው ነው የመጡት። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ሁሉንም ነገር ለአባትየው አስረድቶታል፣ የፈረመውም እሱ ነው። ከፈረመ በኋላ ግን ወደ ካሸር፣ ከዚያ ወደ ፋርማሲ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ። እናትየው ቤት የምታጠባው ሕፃን አላት፣ ከሰዓት መሄዷ አይቀርም። ካዛንቺስ ሳሉ ጎረቤት ይደርስላቸው ነበር፣ ሰፈሩ ሲነሳ ግን ራቅ ብለው ገብተዋል። ልጁ አልጋ አጠገብ የምትቀረው አያት ናት።

እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ «አብሮት የሚሆነው ማነው?» እማማ እጃቸውን አወጡ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

መጀመሪያ የጾሙን ነገር ጠየቅኳቸው። ከማደንዘዣ በፊት ምግብም ሆነ ወተት ለስድስት ሰዓት መቆም አለበት፣ ንጹህ ውኃ ብቻ ማደንዘዣው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። «ቁርስ በልቷል?» ብቻ ብዬ አላልፍም። «ጠዋት አጥሚት ቀመሰ? ሻይ በዳቦ? ትንሽ ወተት?» እያልኩ በስም በስሙ እጠራለሁ። አያቶች ልጅ ሲርበው ማየት አይሆንላቸውም። ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ሲደነዝዝ ወደ ላይ ከመጣ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል ስነግራቸው ግን ከማንም በላይ ይጠነቀቃሉ። እማማም «ውኃ እንኳ አልቀመሰም ልጄ፣ እኔም አብሬው ጾሜያለሁ» አሉኝ።

ከዚያ የሚሆነውን ነገርኳቸው። ሙሉ በሙሉ ይተኛል። የሚወጣው በአፉ በኩል ነው፣ ፊቱ ላይ ቁስል አይኖርም፣ ስፌትም የለውም። ኦፕራሲዮኑ ራሱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሲነቃ ግን ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ይጮኻል፣ ይራገጣል፣ እጁ ላይ ያለውን የመድኃኒት መስጫ ቱቦ (ካኑላ) ሊነቅል ይታገላል፣ «እማዬ» እያለ እናቱን ራሷን ይገፋታል። ማደንዘዣው ነው፣ ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ በኋላም ብዙውን ጊዜ ትዝ አይለውም። ምራቁ ላይ ትንሽ ደም ይታያል። የዋጠውን የጠቆረ ደም አንዴ ሊያስመልሰው ይችላል። ይሄን ቀድሞ ያልሰማ ወላጅ ሲሮጥ፣ ሲጮህ፣ ሲያለቅስ በየጊዜው ስላየሁ ነው ሳልሰለች የምናገረው።

መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ሲተኛ ትራሱን ሳይሆን ጉሮሮውን ይዩልኝ። ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከመሰልዎት ይጥሩኝ። አሥር ጊዜ ቢጠሩኝም አልቆጣም።» ተኝቶ የሚደማ ልጅ ደሙን አይተፋም፣ ይውጠዋል። አንሶላው ንጹህ ነው፣ ልጁ እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ሲነቃ እንዳልኩት አለቀሰ፣ ተረጋጋ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣ፣ ወደ ዋርድ መጣ። እናትየው ልቧ አርፎ ሄደች። ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ዋርዱ ጭር አለ፣ ማሙሽም ተኛ። እኔ ሌላ አልጋ ላይ መድኃኒት እየሰጠሁ ሳለ እማማ በቀስታ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ሲስተር፣ ልጁ ይውጣል። ምንድነው የሚውጠው? ምንም አልሰጠነውም እኮ።»

ሄጄ አየሁት። ትራሱ ላይ ምንም የለም። ፊቱ ትንሽ ገርጥቷል። ጉሮሮው ግን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ከፍ ዝቅ። የልብ ምቱን ስቆጥር ቅድም ከመዘገብነው በጣም ፈጥኗል። ቀስቅሼ አፉን በባትሪ ሳይ ከእንጥሉ ጀርባ ቀጭን ቀይ ደም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ወዲያው ሐኪሙንና የማደንዘዣ ባለሙያውን ጠራሁ። ቀና ሲል አስመለሰው፣ የጠቆረም ትኩስም ደም ነበር። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ፣ አልጮኹም።

ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መለስነው። ይሄኛው ከጠዋቱ የከበደ ነው፣ ሆዱ ደም የዋጠ ልጅ ማደንዘዝ ቁርሱን በልቶ እንደመጣ ልጅ ማደንዘዝ ነውና ባለሙያዎቹ ለዚያ ተዘጋጅተው ገቡ። የሚደማው ቦታ ተገኘ፣ በሙቀት ተተኩሶ ቆመ። ደም መስጠት አላስፈለገም። ቶሎ ስለተደረሰበት ነው። ማታውን እኛ ጋ አድሮ በማግስቱ ፍትፍቱን በላ።

እዚህ ላይ ማንም እንዳይፈራ። እንዲህ ያለ መድማት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ አብዛኞቹ ልጆች በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ማብራሪያው የሚሰጠው ለፈረመው ሰው ነው። አስታማሚው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ቀን አክስት፣ ማታ አያት፣ ሌሊት የአጎት ልጅ፣ በየሰዓቱ ይቀያየራሉ። የመጨረሻው ሰው ጋ ሲደርስ ወሬው «ደህና ነው፣ ተኝቷል» የሚል ብቻ ሆኖ ይቀራል። እማማ ባይነገራቸው ኖሮ ልጁ ተኝቷል ብለው፣ እንዳይነቃ እንግዳውን ሁሉ ዝም ያሰኙ ነበር፣ ያውም ከፍቅር የተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ዋርዳችን ላይ አስታማሚ ሲቀያየር አዲሱ ሰው መጀመሪያ እኛ ጋ ይመጣል። «ገባችሁ?» ብለን አንጠይቅም፣ ሲስተርን አክብሮ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ምን ሲያደርግ ነው የምትጠሩኝ?» እንላለን። መልሱ ያኔ ነው የሚያስታውቀው።

ቤት ሲገቡ የምንነግራቸውም ለእናት ብቻ አይደለም። የአፉ ጠረን ለአንድ ሁለት ሳምንት ይለወጣል፣ ቁስሉ እየዳነ ስለሆነ ነው። ጆሮዬን ሊል ይችላል። ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ይሰጠዋል፣ አስፕሪን ግን በጭራሽ። እብጠቱ እስኪጎድል ለጥቂት ቀን እንደገና ቢያንኮራፋ አይደንግጡ፣ ድምፁም በአፍንጫው የሚናገር ሊመስል ይችላል፣ ሳምንታት አልፈው ካልተስተካከለ ይታይ። ብዙ ይጠጣ፣ ሳምንት ያህል ትምህርት ቤት አይሂድ። ቡና ሲፈላ ዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ያለበት ክፍል ባይቀመጥ ይሻላል። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜም መድማት ሊመጣ ስለሚችል፣ ቤታቸው ሩቅ የሆነ ሰዎች ሌሊት በምን እንደሚመጡ አስቀድመው ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ማሙሽ ሲወጣ አባትየው መኪና ታች አቁሞ ቸኩሎ ነበር። እማማ አላስነሱትም። «ዛሬ ሌሊት የምትጠብቀው አንተ ነህ፣ ቁጭ በል። ምን ካየህ ነው የምትመጣው?» አሉት።

«ቶሎ ቶሎ ከዋጠ» አለ። ዝም ብለው ጠበቁት። «ቀይ ደም ከታየ። ትኩሳቱ ከፍ ካለ። አንገቱን ማዞር ካቃተው። አልጠጣም ካለ።»

እማማ ወደ እኔ ዞረው «የቀረ አለ?» አሉ። የለም አልኳቸው፣ የዋርዱን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸውና ልጁን ይዘው ወረዱ።